የፊልሙ ከበሮ እና የኦጂብዌዎች ቀሚስ

ልጅ ሆኖ የካውቦይ ፊልም ያየ ሁሉ ይህን ጨዋታ ያውቀዋል። እጅን አፍ ላይ መታ መታ እያደረጉ «ዋ-ዋ-ዋ-ዋ» ማለት፣ የዶሮ ላባ ጸጉር ውስጥ መሰካት፣ ከዚያ «ቀይ ሕንድ» ሆኖ አጥር መዝለል። ሙዚቃውም አይጠፋንም፦ ዱም-ዱ-ዱ-ዱ፣ ዱም-ዱ-ዱ-ዱ፤ አንዱ ጠንከር፣ ሦስቱ ላላ። ይህ ምት ከተሰማ ጦርነት መጣ ማለት ነው።

ምቱ ግን የፊልም ሠሪዎቹ ነው። እነሱም ቢሆኑ የወረሱት ከ19ኛው ክፍለ ዘመን የነጮች ቴአትርና የፒያኖ ኖታ ነው፤ እዚያ «ሕንዶቹ መጡ» ለማለት የተለመደ ምልክት ነበር። የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ፓውዋው በሚሉት የጭፈራ ጉባኤያቸው ላይ ከበሮው እንዲህ አይመታም። ብዙውን ጊዜ እኩል እኩል ይሄዳል፤ ባለቤቶቹም የልብ ትርታ ይሉታል። ከበሮው ትልቅ ነው፣ አንገት ላይ አይንጠለጠልም። ቆዳው ወደ ላይ ሆኖ ይቀመጥና ዘፋኞቹ ወንበር ስበው ይከቡታል፤ እያንዳንዱ አንድ ረጅም ዱላ ይዞ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ እየመቱ ይዘፍናሉ። ቡድኑ ራሱ «ከበሮ» ተብሎ ነው የሚጠራው። አንዱ ብቻውን ያወርዳል፣ ሌሎቹ ይቀበሉታል። በመሐል ጥቂት ምቶች ከሌሎቹ ጎልተው ይወርዳሉ፤ ጨፋሪው የሚጠብቃቸው እነሱን ነው። ያኔ አንዱ ጎንበስ ይላል፣ አንዷ የላባ ማራገቢያዋን ከፍ ታደርጋለች።

«ግጥም የለውም፣ ዝም ብሎ ጩኸት ነው» የሚልም አይጠፋም። ግጥም ያላቸው ዘፈኖች ሞልተዋል። ሌሎቹ ደግሞ ቃል ባልሆኑ ድምፆች፣ በ«ሄያ» እና በ«ሄዮ» ዓይነት የተሠሩ ናቸው፤ ድምፆቹ ግን አፍ እንዳመጣ አይደረደሩም። የትኛው የት እንደሚገባ የታወቀ ነው፣ የተሳሳተ ዘፋኝ እንደተሳሳተ ይነገረዋል። ጥቅማቸውም ግልጽ ነው። ቋንቋቸው የማይገናኝ ሰዎች አንድ ከበሮ ከበው አብረው መዝፈን ይችላሉ። እኛም ሙሽራ ስናጅብ «ሆ!» እንላለን፤ «ሆ» ማለት ምን ማለት ነው ብሎ የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም።

«ሲጨፍሩ ለጦርነት ነው» የሚለው ግን ሕይወት ያስከፈለ ስሕተት ነው። በ1889 (ቀናቱና ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኔቫዳ ውስጥ ዎቮካ የሚባል የፓዩት ሰው ራእይ አየ። ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ክብ ሠርተው ቢጨፍሩ የሞቱ ዘመዶቻቸው ይመለሳሉ፤ እስከዚያው ግን ከማንም ጋር አትጣሉ አለ። የመንፈስ ጭፈራ የተባለው ይህ ነው። ዘፈኖቹ በተለምዶ ከበሮ እንኳን አልነበራቸውም። ጭፈራው ላኮታ ወደሚባሉት ነባር ሕዝቦች ሲደርስ ግን የአሜሪካ ባለሥልጣናት ዐመፅ ነው ብለው ጦር ላኩ። በታኅሣሥ 29 ቀን 1890 ዉንድድ ኒ በተባለው ቦታ ሴቶችንና ሕፃናትን ጨምሮ ከ150 በላይ ላኮታዎች ተገደሉ።

ከተረቶቹ ሁሉ ሥር የሰደደው ይህ ይመስለኛል፦ «ከጥንት ጀምሮ ሳይለወጥ የመጣ ነው፤ አዲስ ነገር ከገባበት እውነተኛ አይደለም።» ውዳሴ ስለሚመስል ማንም አይጠረጥረውም። እስቲ ለመልሱ አንድ ቀሚስ እንመልከት።

ከነባር ሕዝቦቹ መካከል ኦጂብዌ የሚባሉት ሴቶች የሚለብሱት ነው። ከደረቱ እስከ ጠርዙ በረድፍ በረድፍ ትናንሽ የቆርቆሮ ቀንዶች ተሰፍተውበታል፤ አንዱ አንዱን እንዲነካ ተደርጎ። ሴትዮዋ እግሯን ከመሬት ብዙ ሳታርቅ ወደ ጎን ስትራመድ ሁሉም አብረው ይንሿሿሉ፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ ካፊያ በሉት። ቀንዶቹ ከምን መጡ? ከሱቅ። የትምባሆ ቆርቆሮ ክዳን ነው፤ ተቆርጦ፣ በጉጠት ተጠቅልሎ፣ ጫፉ ላይ ክር ገብቶበት። ቀሚሱ የተወለደውም በ1918 የተነሣው የኅዳር በሽታ ዓለምን ባዳረሰበት ሰሞን ነው። ታሪኩን ሚኒሶታ ያሉት የሚል ላክስ ኦጂብዌዎችና ኦንታሪዮ ያሉት የዋይትፊሽ ቤይ ወገኖቻቸው እያንዳንዳቸው የእኛ ነው ይላሉ፤ የሚነግሩት ግን ተመሳሳይ ነው። ልጁ የታመመችበት አባት ቀሚሱንና አረማመዱን በሕልሙ አየ፣ ሰፍተው አለበሷት፣ ጨፈረች፣ ዳነች። ስለዚህ ቀሚሱ ጌጥ ብቻ ሳይሆን የፈውስ ልብስ ነው። በ2020 ኮሮና ሲመጣም ሴቶቹ ይህንኑ ቀሚስ ለብሰው በየደጃፋቸው ጨፍረው ቪዲዮውን ለታመሙት ላኩ።

ቀሚሱ ሲወለድ መንግሥት ጭፈራን እያሳደደ እንደነበርም ልብ በሉ። አሜሪካ ከ1883 ጀምሮ የተወሰኑ ጭፈራዎችን በቅጣት ከልክላ ነበር፤ ካናዳም ፖትላች የሚባለውን ድግስ ከ1885 እስከ 1951 በሕግ አገደች። በ1923 የአሜሪካው የሕንዶች ጉዳይ ኮሚሽነር ቻርልስ በርክ ያስተላለፈው ምክር ጭፈራ በወር አንዴ፣ በሳምንቱ መሐል፣ በቀን ብርሃን ብቻ እንዲሆንና 50 ዓመት ያልሞላው እንዳይገኝ የሚል ነበር። ሽማግሌዎቹ ሲያልፉ ጭፈራውም እንዲያልፍ ነው ነገሩ። ሰዎቹም መላ አላጡም፤ የአሜሪካ የነፃነት በዓል የሚከበርበትን ሐምሌ 4 ቀን ያዙት። ባንዲራ ተሰቅሎ ለሚጨፈር ጭፈራ «አቁሙ» ማለት ለሹሙም ከበደው።

ወደ ደቡብ አሜሪካ ብንወርድ ተረቱ መልኩን ይቀይራል። «ኤል ኮንዶር ፓሳ»ን የኢንካዎች ጥንታዊ ዜማ ነው ብሎ የሚያምነው ብዙ ነው። ዜማው የዳንኤል አሎሚያ ሮብለስ ሥራ ነው፤ በ1913 ሊማ ለመድረክ ያዘጋጀው። በ1970 ሳይመንና ጋርፈንከል የተባሉት አሜሪካዊ ዘፋኞች ሲዘፍኑት ፖል ሳይመን የሕዝብ ዜማ መስሎት ነበር፣ በኋላ የሮብለስ ልጅ ከስሶ መብቱን አስከበረ። የአንዲስ ተራሮች መለያ የሆነው ቻራንጎ የሚባለው መሣሪያም የተወለደው ስፔኖች ካመጧቸው ባለ አውታር መሣሪያዎች ነው። ሲኩ የሚባለው የሸምበቆ ዋሽንት ግን የአንዲስ ሰዎች የራሳቸው ጥንታዊ ነው። ኖታዎቹ ለሁለት ይከፈላሉ፣ ግማሹ አንዱ ጋ፣ ግማሹ ሌላው ጋ፤ ሁለቱ ካልተቀባበሉ ዜማው አይሞላም።

«የሕንዶች ሙዚቃ» ብሎ አንድ ነገርም የለም። ዩናይትድ ስቴትስ ብቻ በሕግ የምታውቃቸው ነገዶች ከ570 በላይ ናቸው። አፓቼዎች አጋቬ ከሚባል ተክል ግንድ የሚሠሩት፣ እንደ ማሲንቆ በቀስት የሚገዘገዝ መሣሪያ አላቸው። ሰሜን ካናዳ ያሉ የኢኑይት ሴቶች ደግሞ ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ይቆሙና በጉሮሯቸው ድምፅ ይቀባበላሉ፤ ቀድማ የሳቀች ተሸነፈች።

ሚኒሶታ ያላችሁ ወገኖች የኦጂብዌዎቹ ጎረቤቶች ናችሁና ፓውዋው ላይ መገኘት አያስቸግራችሁም። አስተዋዋቂው ሁሉም ይግባ የሚልበት ዙር አለ፤ ያኔ እንግዳም ገብቶ ይጨፍራል። የጨፋሪዎቹን ልብስ ግን «ኮስቱም» አትበሉት፤ ኮስቱም ተዋናይ የሚለብሰው ነው፣ ይህ ደግሞ አያት የሰፋችው ወይም በስጦታ የተገኘ ነው። ከአንዱ ጨፋሪ ልብስ የንስር ላባ መሬት ከወደቀ ጭፈራው ይቆማል። አስተዋዋቂው ካሜራችሁን አውርዱ ይላል፣ ሰው ይነሣል፣ ብዙ ጊዜም ጦር ሜዳ የዋለ የቀድሞ ወታደር መጥቶ ላባውን ያነሣዋል።