የፊት ግቢ ሒሳብ

ቤት የሚሠራ ሰው ከሁሉ በኋላ የሚደርሰው ፊት ለፊት ያለው ግቢ ነው። መሠረቱ፣ ኮለኑ፣ ጣሪያው፣ ልስኑና መስኮቱ ገንዘቡን ተራ በተራ ከወሰዱት በኋላ ከውጭ በሩ እስከ በረንዳው ያለችው መሬት የተረፈ አሸዋ፣ የተሰበረ ብሎኬትና የሲሚንቶ ከረጢት ተከምሮባት ትቀራለች። የቤት ምርቃቱ ወይም በዓሉ ሲቃረብ ባለቤቱ ወደ ችግኝ ሻጮች ይሮጣል። በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አበባውም፣ ሣሩም፣ ጽዱም በአንድ መኪና ተጭነው ይመጣሉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በዚያ ቅዳሜ ከተተከለው ብዙው የሚቀጥለውን ክረምት ሳያይ ይደርቃል።

ኪሳራው የችግኝ ዋጋ ብቻ ቢሆን ባልከፋ ነበር። ዋናው ሀብት መሬቱ ነው። የከተማ ቦታ በሊዝ እንዲያዝ የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 80 በ1986 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ በአዲስ አበባ በጨረታ የሚቀርብ መሬት ዋጋው የሚነገረው በካሬ ሜትር ነው። ለሳሎኑ ወለል የተከፈለው የካሬ ሜትር ዋጋ ሳይቀነስ ለግቢውም ተከፍሏል ማለት ነው። ሆኖም ሳሎኑ በንድፍ ሲሠራ ግቢው በዘፈቀደ ይሞላል። በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በእቴጌ ጣይቱ «አዲስ አበባ» ተብላ የተሰየመች ከተማ፣ አበባ የሚተከልባት መሬት ከአበባው እጅግ የምትወደድባት ከተማ ሆናለች።

የአቶ እገሌ 75 ካሬ ሜትር

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይሻላል። አቶ እገሌና ባለቤታቸው ወይዘሮ እገሊት በ250 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ ጂ ፕላስ 1 ቤት ሠሩ እንበል። የቦታው ስፋት ወደ መንገድ 12 ሜትር ተኩል፣ ወደ ውስጥ 20 ሜትር ነው። ቤቱ ከውጭ አጥሩ 6 ሜትር ገባ ብሎ ተሠርቷል። የፊት ግቢው 75 ካሬ ሜትር መሆኑ ነው።

አቶ እገሌ በአንድ ሆቴል ግቢ ያዩት ሣር ከዓይናቸው አልጠፋም፤ ግቢው ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ምንጣፍ እንዲሆን ይፈልጋሉ። ወይዘሮ እገሊት ግን ሁለት ነገር ይጠይቃሉ። «ውሃውን ማን ሊያመላልስ ነው? ደግሞስ አንድ ነገር ቢመጣ ድንኳኑ የት ሊተከል ነው?»

ሁለቱም ጥያቄዎች በሜትር መልስ አላቸው። መኪና የሚቆምበት 3 በ6 ሜትር ሲሆን 18 ካሬ ሜትር ይወስዳል። ከበሩ እስከ በረንዳው የሚያደርሰው የእግር መንገድ ሁለት ሰው ጎን ለጎን እንዲያስኬድ ቢያንስ 1 ሜትር ከ20 ይፈልጋል፤ ይህ ወደ 7 ካሬ ሜትር ነው። በቀሪው የቤቱ ግድግዳ ሥር የሚነጠፈው 60 ሳንቲ ሜትር የውሃ መከላከያ 5 ካሬ ሜትር ይሆናል። የውሃ ታንከሩ መቀመጫ 2 በ2 ሜትር፣ ማለትም 4 ካሬ ሜትር ነው። እነዚህ ሁሉ ሲቀነሱ 75 የነበረው 41 ይሆናል። ከዚህ ላይ ለሰርግም ሆነ ለለቅሶ ድንኳን የሚሆን 4 በ5 ሜትር ደልዳላ ቦታ ሲወጣ ለአበባና ለዛፍ የሚቀረው 21 ካሬ ሜትር ያህል ነው።

ይህ ቁጥር ባለቤቱን ማሳዘን የለበትም። የድንኳኑ ቦታ ሣር ሊለብስ ይችላል፤ ሣር ተረግጦ ይነሣል፣ የአበባ መደብ ግን ተረግጦ አይነሣም። ቁጥሩ የሚናገረው አበባው መሀል ላይ ሳይሆን ዙሪያውን፣ በአጥሩና በግድግዳው ወገን መቀመጥ እንዳለበት ነው። ንድፉ ግማሽ በግማሽ በዚህ ተጠናቀቀ ማለት ይቻላል።

ሣሩ በጀሪካን ሲለካ

የወይዘሮ እገሊት የመጀመሪያ ጥያቄ ከሁለተኛው ይከብዳል። ሣር በበጋ ፀሐይ በቀን ወደ 4 ሚሊ ሜትር ውሃ ይጠጣል ተብሎ ቢታሰብ፣ 1 ሚሊ ሜትር በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ስለሆነ፣ 41 ካሬ ሜትር ሣር በቀን 164 ሊትር ይፈልጋል። ይህ ባለ20 ሊትር ጀሪካን 8 መሆኑ ነው። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በየቀኑ 8 ጀሪካን ለሣር ማፍሰስ ከማእድ ቤትና ከልብስ እጥበት ጋር መሻማት ይሆናል። ጀሪካኑን የሚሸከመው ደግሞ ሣሩን የተመኙት አባወራ ላይሆኑ ይችላሉ።

ሣሩ በድንኳኑ ቦታ ብቻ ሲወሰን ፍላጎቱ ወደ 80 ሊትር ወይም 4 ጀሪካን ይወርዳል። የሣሩ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። በየመንገዱ ዳር የሚበቅለው ሰርዶ በጋውን ቢጫ ሆኖ ያሳልፍና ዝናብ ሲመጣ መልሶ ያቆጠቁጣል። የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ተወላጅ የሆነው የኪኩዩ ሣርም የአዲስ አበባን አየር ይስማማዋል፤ ነገር ግን ካልታጨደ ወደ አበባው መደብ እየተንፏቀቀ ይገባል። እንደ እሬት፣ ላቬንደርና የጥብስ ቅጠል ያሉት አንዴ ሥር ከሰደዱ በኋላ በጥቂት ውሃ የሚኖሩ ናቸው።

የጣሪያ ውሃም መታሰብ አለበት። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 2,000 ሊትር ይሆናል። አንድ ጥሩ ዝናብ ባለ2,000 ሊትሩን ታንከር ሊሞላው ይችላል ማለት ነው። ይሁንና በቀን 80 ሊትር ሲቀዳ ይኸው ታንከር ከ25 ቀን አያልፍም። የክረምት ውሃ ጥቅምትን ያግዛል እንጂ እስከ የካቲት አያደርስም። ሣሩን አሳንሶ መትከል ከታንከር መጨመር የሚረክሰውም በዚህ ምክንያት ነው።

ቤቱን የሚመስል ግቢ

የፊት ግቢ ዋና ሥራው ቤቱን ማሳመር ነው። ቤት ገዢ ከደላላ ጋር መጥቶ የውጭ በሩ ሲከፈት በመጀመሪያ የሚያየው ከበሩ እስከ በረንዳው ያለውን ነው። ስለዚህ ንድፍ አውጪው መቆም ያለበት ውጭ በሩ ላይ እንጂ በረንዳው ላይ አይደለም። ከዚያ ሆኖ ሲታይ ዓይን ወደ ቤቱ መግቢያ መመራት አለበት። የመኪናው መንገድ ከእግረኛው መንገድ ይልቅ የሚጎላ ከሆነ ቤቱ ጋራዥ ይመስላል።

ሁለተኛው ነገር ቁመት ነው። የመስኮት ደፍ ብዙውን ጊዜ ከወለሉ 90 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ከመስኮቱ ሥር የሚተከለው ከዚያ በላይ የሚያድግ ከሆነ ቤቱ ጨለማ ይሆናል፤ ለሌባም መሸሸጊያ ይሰጣል። ጄራኒየም፣ አጋፓንቱስና የጥብስ ቅጠል ከመስኮት ሥር ይስማማሉ። ረጅሙ ተክል የቤቱ ማዕዘን ላይ ሲሆን የግድግዳውን ስለታም ጠርዝ ያለሰልሳል፤ ባለ ፎቅ ቤትንም ከመሬት ጋር ያገናኘዋል።

ሦስተኛው ቀለም ነው። የቀድሞው ባለ በረንዳ የጭቃ ቤት በኖራ የተቀባ ነጭ ግድግዳ ስለነበረው ቀይ ጽጌረዳም፣ ሐምራዊ ቦገንቪሊያም ይሸከም ነበር። በአምቦ ድንጋይ የተሸፈነ ቢጫማ ግድግዳ ግን ነጭና ወይን ጠጅ አበባ ሲሰጡት ያምራል። በመስታወትና በአልሙኒየም ያሸበረቀው የዛሬ ቤት ደግሞ ራሱ ብዙ ስለሚያብለጨልጭ ፊቱ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ቢበዛና የአበባው ቀለም አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ይሻለዋል። በየዓይነቱ አንድ አንድ እየተባለ የተሰበሰበ አበባ ከውጭ በሩ ሲታይ እንደ ሱቅ መደርደሪያ ነው። ጥቂት ዓይነት መርጦ ከየዓይነቱ ብዙ መትከል ይበጃል።

ቦገንቪሊያ እሾህ ስላለው ከእግር መንገዱ ርቆ ወደ አጥሩ ቢጠጋ ይመረጣል። ጤና አዳሙና በሶብላው ግን ወደ በረንዳው ቢቀርቡ ቡና ሲፈላ እጅ ዘርግቶ መቀንጠስ ይቻላል። ለድፎ ዳቦ መጋገሪያ ቅጠሉ የሚፈለገው ኮባ በጓሮ እንጂ በፊት ግቢ አይተከልም የሚሉ ቢኖሩም፣ ሰፊ ቅጠሉ ለግድግዳ ማዕዘን ከውጭ አገር ተክል የማያንስ ውበት አለው።

ፀሐይና አፈር

የቤቱ ፊት ወዴት መዞሩ የተክሉን ዝርዝር ይወስናል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ አካባቢ ስለምትገኝ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ያዘነብላል። በታኅሣሥ አጋማሽ 7 ሜትር ቁመት ያለው ቤት በቀትር 4 ሜትር ተኩል ያህል ጥላ ወደ ሰሜን ይጥላል። የአቶ እገሌ ቤት ፊቱ ወደ ሰሜን ከሆነ፣ ከ6 ሜትሩ ግቢ በቀትር ፀሐይ የሚያገኘው በአጥሩ በኩል ያለው 1 ሜትር ተኩል ብቻ ነው። እዚያ ቤት ግድግዳ ሥር ጽጌረዳ መትከል ገንዘብን ጥላ ውስጥ መቅበር ነው።

አፈሩም እንደ ሰፈሩ ይለያያል። ወደ እንጦጦ ግርጌ ቀይ አፈር ሲበዛ፣ ወደ ቦሌና አቃቂ ወገን ጥቁር መረሬ ያይላል። መረሬ በክረምት ይነፋል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። ከግድግዳ ሥር አዘውትሮ ውሃ ማጠጣትም ሆነ ውሃ የሚመጥ ትልቅ ዛፍ መትከል ይህን መንፋትና መሸብሸብ ያባብሰዋል፤ ጣጣው ግድግዳ ላይ ስንጥቅ ሆኖ ይወጣል። በግድግዳው ሥር ያለው 60 ሳንቲ ሜትር ንጣፍ ወደ ውጭ ዘመም ማለት ያለበት ለዚህ ነው። ባሕር ዛፍ፣ ግራቪሊያና ፊከስ ለ12 ሜትር ቦታ የሚሆኑ አይደሉም። አንድ ኮክ ከአጥሩ ጥግ ቢተከል ለጥላም ለፍሬም ይበቃል።

በግንባታ የተረገጠና ሲሚንቶ የጠጣ አፈር ላይ ችግኝ መትከል ትርፉ ድካም ነው። ለ21 ካሬ ሜትር መደብ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ለ20 ካሬ ሜትር ሣር 15 ሳንቲ ሜትር ለም አፈር ሲታሰብ ወደ 9 ኩብ ይደርሳል። ይህን ቁጥር ይዞ ወደ ገልባጭ መኪና ባለቤቶች መሄድና ሳይዙ መሄድ በዋጋ ድርድር ላይ ልዩነቱ ብዙ ነው።

ከሻጩ ፊት

በችግኝ ገበያ ሻጩና ገዢው የሚፈልጉት ለየቅል ነው። ሻጩ ችግኙ በከረጢት ውስጥ በቆየ ቁጥር ውሃና ጉልበት ስለሚጨርስበት፣ አብቦ ዓይን በሚስብበት ሰዓት ቢሸጥለት ይወዳል። ለገዢው ግን ያበበው ረጅም ችግኝ አስተማማኝ አይደለም። ሥሩ ከከረጢቱ ግርጌ ወጥቶ መሬት የነከሰ ችግኝ ሲነሣ ሥሩ ይበጠሳል፤ በከረጢቱ ውስጥ ተጠምጥሞ የከረመ ሥርም ከተተከለ በኋላ ቶሎ አይዘረጋም። አጠር ብሎ ግንዱ የጠነከረ፣ ቅጠሉ ያልገረጣ ችግኝ ዋጋውም ይቀንሳል፤ ዕድሜውም ይረዝማል።

ብዛትን አስቀድሞ ማስላትም ገንዘብ ያድናል። የአቶ እገሌ የፊት አጥር 12 ሜትር ተኩል ሲሆን 4 ሜትሩ በር ነው። በቀረው 8 ሜትር ተኩል ላይ በየ40 ሳንቲ ሜትሩ አንድ የአጥር ተክል ሲቆም 21 ችግኝ ይበቃል። ይህን ያላሰላ ገዢ 60 ቢባል 60 ይጭናል፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ተፋፍገው ሲጫጩ ሁለት እጁን ነቅሎ ይጥላል። 21 ችግኝ ከአንድ ዓይነት የሚገዛ ሰው ግን የመከራከር ጉልበት አለው። ጥቂት ዓይነት በብዛት የሚለው የውበት ሕግ ከገበያው ሕግ ጋር የሚገጥመው እዚህ ላይ ነው።

ጊዜውም ዋጋ አለው። ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ የሚተከል ችግኝ ሥር የሚሰድበት የሁለት ወር ዝናብ ያገኛል። ለገና የሚተከለው በአንጻሩ ከሌሊት ቅዝቃዜና ከበጋው ድርቀት ጋር ወዲያው ይገናኛል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባውንና እዚሁ የሚበቅለውን ለይቶ ማየት ይገባል። የውሃ ጎማ፣ የሣር ማጨጃና ጌጠኛ ማሰሮ በውጭ ምንዛሪ የሚመጡ ናቸው። ጄራኒየምና የጥብስ ቅጠል ግን ከጎረቤት በተቆረጠ ቅርንጫፍ ይበቅላሉ፤ ዋጋቸው አንድ ስኒ ቡና ነው። ባለቤቱ በጀቱን ለአፈሩና ለንጣፉ ቢያውል፣ አበባውን ደግሞ በቁርጥራጭ ቢያባዛ ግቢው በሁለት ክረምት ይሞላል።

አቶ እገሌ ከሒሳቡ በኋላ የሚያጡት 21 ካሬ ሜትር ሣር ነው። በምትኩ በየቀኑ 4 ጀሪካን ውሃ ይተርፋል፤ ግድግዳው ሥር ውሃ አያቁርም፤ አንድ ቀን የደስታም ሆነ የሐዘን እንግዳ ሲመጣ ድንኳኑ አበባ ሳይረገጥ ይቆማል። ወይዘሮ እገሊትም መልሳቸውን ያገኛሉ። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው የመጀመሪያ ዕቃ አንድ ሜትርና አንድ እርሳስ ሲሆን፣ ሁለቱም መሠረቱ ሲቆፈር ቤቱ ውስጥ ነበሩ።