ለኮራል ገንዳ ሶዳና ኖራ በቤት ስለ ማዘጋጀት

ይህ የኅብረታችን መጽሔት አብዛኛውን ጊዜ ስለ አገር ጉዳይና ስለ ትምህርት የሚጻፍበት ስለሆነ፣ አንድ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ ተነሥቶ ስለ ዓሣ ገንዳ ኬሚስትሪ ሲጽፍ አንባቢ ፈገግ ቢል አይፈረድበትም። የሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኞቼም «አንተን ምን አገባህ?» ማለታቸው አይቀርም። ነገር ግን ወደዚህ ጉዳይ የገባሁት በላቦራቶሪ በር ሳይሆን በኪስ በኩል ነው።

እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ አብሬያቸው የምኖረው አጎቴ በልጅነታቸው ምጽዋ ኖረዋል፤ አያቴ በባሕር ኃይል ያገለግሉ በነበረበት ዘመን ማለት ነው። የምጽዋ አሮጌ ቤቶች ከኮራል ድንጋይ የተሠሩ መሆናቸውን፣ በጀልባ ላይ ሆነው ወደ ታች ሲመለከቱ ያዩትን ቀለም ሁሉ ሲያወሩ አይጠግቡም። ከጥቂት ዓመታት በፊትም ሳሎናቸው ውስጥ 120 ሊትር የሚይዝ የመስታወት ገንዳ አቁመው ኮራል ማሳደግ ጀመሩ። ታዲያ ኮራሉ እያደገ ሲሄድ በየወሩ ከሱቅ የሚገዙት ባለ ቀለም ጠርሙስ ወጪው ከበዳቸውና ባለፈው ዓመት አንድ ቀን «ይብቃኝ፤ እሸጠዋለሁ» አሉ። እኔም ከመሸጡ በፊት በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ ተነሣሁ።

ኮራል ሲያዩት ቁጥቋጦ ወይም ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው፤ እንዲያውም የብዙ ጥቃቅን እንስሳት ማኅበር ነው ቢባል ይሻላል። ፖሊፕ የሚባለው እያንዳንዱ ትንሽ ፍጡር ከውኃው ካልሲየምና ካርቦኔት እየወሰደ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ ይሠራል። የምጽዋ ግንበኞች ጠርበው ቤት የሠሩበት ድንጋይ ይኸው ነው። ባሕር ሰፊ ስለሆነ ይህ ሁሉ ግንባታ ቢካሄድበት አይጎድልም። በሳሎን ገንዳ ግን ኮራሉ በደህና ባደገ ቁጥር የሚያድግበትን ነገር ራሱ ይጨርሰዋል። ስለዚህ የጎደለውን በየቀኑ መተካት ግድ ይሆናል፤ የሙያው ሰዎች «ዶዚንግ» የሚሉት ይህንኑ ነው።

የሚጎድሉት ዋና ነገሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው ካልሲየም ሲሆን በባሕር ውኃ ውስጥ በሊትር 420 ሚሊግራም ያህል ይገኛል። ሁለተኛው አልካሊኒቲ የሚባለው የካርቦኔትና የባይካርቦኔት ክምችት ነው፤ ይህም በተለምዶ በጀርመን ዲግሪ ስለሚለካ በባሕር ውኃ ውስጥ 7 ዲግሪ ገደማ ነው። ኮራሉ ድንጋዩን ሲሠራ ሁለቱን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ሚዛን ይወስዳል፤ አልካሊኒቲው በ1 ዲግሪ ሲቀንስ ካልሲየሙ በሊትር 7 ሚሊግራም ያህል ይቀንሳል።

እዚህ ላይ አንባቢ ትንሽ እንዲቆም እለምናለሁ፤ የነገሩ ቁልፍ እዚህ ነውና። ከ7 ዲግሪ ላይ 1 ዲግሪ ሲሄድ ከሰባት አንዱ ሄደ ማለት ነው። ከ420 ላይ 7 ሲሄድ ግን የሄደው ከስልሳ አንዱ ብቻ ነው። አንዱ ክምችት እንደ ጎተራ፣ ሌላው እንደ ማሰሮ ነው። ካልሲየም ለብዙ ቀን ቢረሳ ጉዳቱ ቶሎ አይታይም፤ አልካሊኒቲ ግን በሁለትና በሦስት ቀን ኮራሉን ያስጨንቀዋል። አጎቴ ለብዙ ጊዜ የካልሲየሙን ጠርሙስ እየጨመሩ አልካሊኒቲውን አንድም ቀን ለክተው አያውቁም ነበር።

አሁን ወደ ጠርሙሱ እንመለስ። ካልሲየሙ ካልሲየም ክሎራይድ፣ አልካሊኒቲው የሶዳ ካርቦኔት ነው፤ ቀሪው ውኃ ነው። ይህን ሐሳብ በሥርዓት አዘጋጅቶ በ1994 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሃንስ-ቬርነር ባሊንግ የሚባል ጀርመናዊ ነው። አሜሪካዊው ኬሚስት ራንዲ ሆምስ-ፋርሊ ደግሞ በ2006 እ.ኤ.አ. ማንም ሰው በማድ ቤቱ ሊሠራው የሚችል ቀመር ለሕዝብ አወጣ። እኔም የተከተልሁት የእርሱን ነው፤ ጋሎኑን ወደ ሊትር ለውጬዋለሁ።

ለአልካሊኒቲው 157 ግራም ቤኪንግ ሶዳ ይመዘናል። ቤኪንግ ሶዳ እላለሁ እንጂ ቤኪንግ ፓውደር አላልሁም። በብዙ የእኛ ቤት ሁለቱ በአንድ መደርደሪያ ስለሚቀመጡና አንዱ በሌላው ስም ስለሚጠራ ሣጥኑን ማንበብ ያስፈልጋል፤ ቤኪንግ ፓውደር ውስጥ አሲድነት ያለው ጨውና ስታርች ስላለ ገንዳውን ያበላሻል። ሶዳው በሰፊ ትሪ ላይ ስስ ሆኖ ተዘርግቶ በ150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለአንድ ሰዓት ኦቨን ውስጥ ይቆያል። በዚህ ጊዜ ውኃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወጥተውለት ባይካርቦኔቱ ካርቦኔት ይሆናል። መብሰሉን ለማረጋገጥ ዘዴው ቀላል ነው፤ መልሶ መመዘን። 157 ግራም የነበረው ወደ 99 ግራም ከወረደ ሥራው አልቋል፤ 120 ከሆነ ገና ነው። ከዚያም በተጣራ ውኃ ይሟሟና ጠቅላላው አንድ ሊትር እስኪሆን ይሞላል።

ለካልሲየሙ 132 ግራም ካልሲየም ክሎራይድ ዳይሃይድሬት በሌላ ዕቃ እንዲሁ አንድ ሊትር እስኪሞላ ይሟሟል። ይህ እዚህ አገር በክረምት በረዶ ለማቅለጥ በየደጁ የሚበተነው ነገር ነው። ነገር ግን የበረዶ ማቅለጫ ሁሉ ካልሲየም ክሎራይድ አይደለም፤ የገበታ ጨው ወይም ዩሪያ ወይም ቀለም የተቀላቀለበት ስለሚኖር፣ አይብ ለሚያረጉ ሰዎች የሚሸጠውን ለምግብ የተፈቀደውን መግዛት ይሻላል። ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም ከጠርሙሱ ጋር አይወዳደርም። ሲሟሟ እጅግ ስለሚግል ጨውን ወደ ውኃው ቀስ እያሉ መጨመር እንጂ ውኃን በጨው ላይ መገልበጥ አይገባም። ጓንትና መነጽርም ያስፈልጋል።

ሁለቱ ፈሳሾች ጉልበታቸው እኩል ስለሆነ ከሁለቱም የሚጨመረው መጠን አንድ ነው። 100 ሊትር ውኃ ላይ ከየአንዳንዳቸው 20 ሚሊሊትር ያህል ሲጨመር አልካሊኒቲው በ1 ዲግሪ፣ ካልሲየሙ በ7 ሚሊግራም ያህል ከፍ ይላል። ሆኖም ሁለቱ ፈጽሞ ባንድነት መጨመር የለባቸውም። ይህንንም የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም።

በመጀመሪያው ሳምንት አልካሊኒቲውን ብለካው 5 ተኩል ዲግሪ ሆኖ አገኘሁት። ደንግጬ፣ ደግሞም አጎቴን ለማስደሰት ቸኩዬ፣ የጎደለውን ሁሉ በአንድ ማታ ጨመርሁ፤ ወዲያውም በዚያው ቦታ ካልሲየሙን አከታተልሁ። ውኃው እንደ አጓት ነጣ። ሁለቱ በገንዳው ውስጥ ተገናኝተው ኮራሉ ሊሠራው የሚገባውን የኖራ ድንጋይ ራሳቸው ሠሩት፤ ማሞቂያውና የፓምፑ አፍ ነጭ ቅርፊት ለበሱ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ አጎቴ ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ቅርንጫፋማ ኮራል ሥጋው ከሥሩ ጀምሮ ተላቆ ነጭ አጥንቱ ቀረ። አጎቴ አልተቆጡኝም፤ ዝም ብለው አጥንቱን አውጥተው መስኮቱ ላይ አስቀመጡት። እስካሁንም እዚያው አለ።

ከዚያ ወዲህ ሥርዓታችን ይህ ነው። ጠዋት አልካሊኒቲው ፓምፑ በኃይል ውኃ በሚገፋበት ቦታ ቀስ ተብሎ ይጨመራል፤ ካልሲየሙ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይከተላል። የወረደውን አልካሊኒቲ ከፍ ለማድረግም በቀን ከ1 ዲግሪ አናልፍም። መጠኑን የምናውቀው ደግሞ እንዲህ ነው፤ ለሦስት ቀን ምንም ሳንጨምር በየቀኑ በአንድ ሰዓት እንለካለን። የእኛ ገንዳ ከ8.6 ወደ 7.1 ወረደ፤ ይህም በቀን ግማሽ ዲግሪ ነው። ገንዳው 120 ሊትር ይያዝ እንጂ ድንጋዩና አሸዋው ሲቀነስ ውኃው 100 ሊትር ያህል ስለሆነ፣ ከየጠርሙሱ በቀን 10 ሚሊሊትር በቂ ሆነ። መለኪያችን ከፋርማሲ የተገዛ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ነው። በሁሉም ነገር ሲቆጥቡ በመለኪያው ኪት ግን መቆጠብ ተገቢ አይመስለኝም፤ ጊዜው ያለፈበት ኪት ውሸት ይናገራልና።

ማግኒዚየምም አለ። በሊትር 1300 ሚሊግራም ያህል ሲሆን ካልሲየሙና ካርቦኔቱ ያለ ጊዜያቸው እንዳይጣበቁ ይከላከላል፤ የሚቀንሰው በዝግታ ስለሆነ በወር አንድ ጊዜ መለካት ይበቃዋል።

ከዚህም የረከሰ መንገድ አለ፤ ኖራ። ፔተር ቪልከንስ በ1970ዎቹ ያስፋፋው ዘዴ ነው። አትክልት ለማቆየት የሚሸጠው ንጹሕ የምግብ ኖራ፣ ማለት ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ በአንድ ሊትር የተጣራ ውኃ 2 ግራም ያህል ተበጥብጦ ይዘቀጥና ከላይ ያለው ጥሩ ፈሳሽ ይወሰዳል። (ቤት ለመቀባት የሚውለው ኖራ ምን እንደተቀላቀለበት ስለማይታወቅ አይሆንም።) የኖራው ውኃ ካልሲየሙንም አልካሊኒቲውንም ባንድነት ይሰጣል፤ አንድ ሊትር ለ100 ሊትር ገንዳ ከ1 ዲግሪ ጥቂት ይበልጣል። ስለዚህ ለእኛ ግማሽ ሊትር እንኳ አይፈጅም። የሚገባው በትነት የጎደለውን ውኃ ለመተካት ብቻ ነው። ችግሩ ፒ ኤች 12 ተኩል የሚደርስ፣ ዓይንና ቆዳ የሚያቃጥል መሆኑ ነው፤ ልጆች ካሉበት ቤት ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት። ወደ ገንዳው መግባት ያለበትም በጠብታ፣ በተለይ ፒ ኤች ዝቅ በሚልበት በሌሊት ነው።

ለጠብታው የሠራነው መሣሪያ ያስቃል። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ጀሪካን ከገንዳው በላይ ተቀምጦ በሆስፒታል እንደምናየው ዓይነት የግሉኮስ ቱቦ ይወርድለታል። ብዙዎቹ ቱቦዎች በ20 ጠብታ አንድ ሚሊሊትር ስለሚያወርዱ፣ ግማሽ ሊትር በ10 ሰዓት እንዲያልቅ በደቂቃ 17 ጠብታ ያህል ማስተካከል ነው። ክዳኑ ካልተዘጋ ግን ኖራው ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋህዶ ቅርፊት ይሠራና ጉልበቱን ያጣል፤ ቱቦውም ይደፈናል።

እንግዲህ ኖራ እንዲህ ከረከሰ ስለ ምን ሁለቱን ጠርሙስ አንተውም? መልሱ በትነቱ ላይ ነው። በክረምት ማሞቂያው አየሩን ስለሚያደርቀው ብዙ ውኃ ይተናል፤ በሜሪላንድ እርጥብ በጋ ግን ትነቱ ያንሳልና የኖራው ውኃ የሚገባበት ቦታ አይኖርም። ስለዚህ በክረምት ኖራ፣ በበጋ ሁለቱ ጠርሙሶች ሆነዋል። የሁለቱ ጠርሙሶች ጉድለት ደግሞ የገበታ ጨው ትተው መሄዳቸው ነው፤ በቀን ግማሽ ዲግሪ በሚጨምር ገንዳ ውስጥ በዓመት በሊትር ወደ 4 ግራም የሚጠጋ ጨው ይከማቻል። የባሕር ውኃ ጨው በጠቅላላው 35 ግራም መሆኑን ለሚያስብ ይህ ትንሽ አይደለም። ባሊንግ ለዚህ ሦስተኛ ጠርሙስ አበጅቶለታል፤ እኛ ግን ጨዋማነቱን እየለካን በየወሩ ከውኃው አምስተኛውን እጅ በአዲስ እንለውጣለን።

በአሁኑ ጊዜ ፍጆታው ከግማሽ ዲግሪ ወደ 0.8 ከፍ ብሏል፤ ኮራሉ አድጓልና። ሲሪንጁ 16 ሚሊሊትር ላይ ደርሷል። አጎቴ ገንዳውን የመሸጥ ነገር አላነሡም፤ ይልቁንም በፈተና ሰሞን እኔ ስጠፋ ራሳቸው እንዲጨምሩ የጠዋቱን ሥራ ከ1 እስከ 4 ቁጥር ሰጥቼ በትልልቅ ፊደል ጽፌ ከጠርሙሶቹ በላይ ለጥፌላቸዋለሁ። ከሥሩም በራሳቸው እጅ ጽሑፍ አንድ መስመር ጨምረዋል፤ «መጀመሪያ መነጽርህን አድርግ» ይላል።