በኩርባ ላይ የሞተር ሳይክል ነጂ የአካል አቀማመጥ

በኩርባ ላይ የአካል አቀማመጥ ማለት የሞተር ሳይክል ነጂ መንገዱ በሚታጠፍበት ጊዜ ራሱን፣ ትከሻውን፣ ዳሌውን፣ እጁንና እግሩን ከሞተር ሳይክሉ አንጻር የሚያስቀምጥበት መንገድ ነው። በስፖርት ሞተር ሳይክል አነዳድ ነጂው አካሉን ወደ ኩርባው ውስጠኛ ጎን በማውጣት ሞተር ሳይክሉ ራሱ በመጠኑ ብቻ እንዲያዘነብል ያደርጋል። ዘዴው በውድድር ሜዳ የዳበረ ነው። መጠኑ ተቀንሶ ግን በተራ መንገድም ያገለግላል፤ በተለይ በሰሜን ሸዋ እንዳሉት ከደጋ ወደ ቆላ በሚወርዱ ጠመዝማዛ መንገዶች ላይ ይጠቅማል። በመንገድ ላይ ዋና ጥቅሙ ፍጥነት መጨመር አይደለም፤ ላልታሰበ ነገር የሚሆን መጠባበቂያ ማቆየት ነው።

ሞተር ሳይክል ለምን ያዘነብላል

በኩርባ ላይ ጎማዎች ከመንገዱ ጋር ባላቸው ሰበቃ አማካኝነት ወደ ኩርባው መሃል ይገፋሉ። ይህ ግፊት የሚያርፈው ከታች፣ ጎማው መሬት በሚነካበት ቦታ ነው። ሞተር ሳይክሉ ቀጥ ብሎ ቢቆይ ኖሮ ከሥሩ እንደተገፋ ዕቃ ወደ ውጭ ይገለበጥ ነበር። ወደ ውስጥ ሲያዘነብል ግን የራሱ ክብደት ይህን ያመጣጥነዋል።

ምን ያህል ማዘንበል እንዳለበት የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ፍጥነቱና የኩርባው ራዲየስ። የፍጥነቱ ካሬ ለራዲየሱና ለመሬት ስበት ፍጥንጥነት (9.8 ሜትር በሰከንድ ካሬ) ብዜት ሲካፈል የማዕዘኑ ታንጀንት ይገኛል። ለምሳሌ ራዲየሱ 30 ሜትር በሆነ ኩርባ ላይ፦

• በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር፦ 23 ዲግሪ ያህል
• በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር፦ 33 ዲግሪ ያህል
• በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር፦ 43 ዲግሪ ያህል

ፍጥነቱ ከ40 ወደ 60 ሲያድግ ጭማሪው አንድ ተኩል እጥፍ ነው፤ ከጎማው የሚጠየቀው የጎን ሰበቃ ግን 2.25 እጥፍ ይሆናል። በደረቅና ንጹሕ አስፋልት ላይ ጥሩ ጎማ 43 ዲግሪን ሊችል ይችላል። በእርጥብ አስፋልት ወይም ጠጠር በተበተነበት ኩርባ ላይ ግን ሰበቃው በጣም ስለሚቀንስ ያው ፍጥነት ያንሸራትታል።

አካልን ወደ ውስጥ ማውጣት ምን ይለውጣል

ከላይ ያለው ስሌት የሚመለከተው የነጂውንና የሞተር ሳይክሉን የጋራ ማዕከለ ስበት ነው። ነጂው ወደ ውስጥ ሲወጣ የጋራው ማዕከል አብሮት ስለሚሄድ፣ ሞተር ሳይክሉ ራሱ ጥቂት ቀና ብሎ ያንኑ ኩርባ በዚያው ፍጥነት ያልፋል።

70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ነጂ 190 ኪሎ ግራም በሚመዝን የስፖርት ሞተር ሳይክል ላይ ሆኖ የአካሉን ማዕከል 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ቢያወጣ፣ የጋራው ማዕከል 2.7 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል። የማዕከሉ ከፍታ ከመሬት 60 ሳንቲ ሜትር ነው ቢባል፣ ሞተር ሳይክሉ 2.6 ዲግሪ ያህል ቀና ማለት ይችላል። ሞተር ሳይክሉ 115 ኪሎ ግራም ብቻ የሚመዝን ከሆነ ለውጡ ወደ 3.6 ዲግሪ ያድጋል። ስለዚህ በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ በብዛት በሚታዩት ቀላል ሞተር ሳይክሎች የነጂው አካል ከከባዱ የስፖርት ሞተር ሳይክል ይልቅ የበለጠ ድርሻ አለው።

የተገኘው ዲግሪ በቁጥር ትንሽ ቢመስልም ሦስት ጥቅም ይሰጣል። የእግር መርገጫና ሌሎች ክፍሎች መሬት ከመንካት ይርቃሉ። ሾክ አብዞርበሩ ጉድጓድና እብጠትን ይበልጥ ተቀብሎ ያልፋል። ኩርባው በድንገት ከጠበበም ለተጨማሪ ማዘንበል ቦታ ይቀራል።

የማይለወጠው ነገርም አለ። ለአንድ ኩርባና ለአንድ ፍጥነት የሚያስፈልገው ጠቅላላ የጎን ሰበቃ ነጂው የትም ቢቀመጥ ያው ነው። ከመንገዱ አቅም በላይ በሆነ ፍጥነት የገባን ሰው የትኛውም አቀማመጥ አያድነውም።

ታሪክ

በቀደሙት የውድድር ዘመናት ነጂዎች ከሞተር ሳይክሉ ጋር በአንድ መስመር ሆነው፣ ጉልበታቸውን ከታንኩ ጋር አጣብቀው ይታጠፉ ነበር። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ፊንላንዳዊው ያርኖ ሳሪነን አካሉን ወደ ውስጥ በማውጣት ታወቀ፤ በ1972 የ250 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ1978 በ500 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮና ያሸነፈው አሜሪካዊው ኬኒ ሮበርትስ ደግሞ ጉልበትን እስከ አስፋልቱ የማውረድን ዘዴ በሰፊው አስተዋወቀ። ዛሬ በሞቶ ጂፒ ውድድር ሞተር ሳይክሎች ከ60 ዲግሪ በላይ ያዘነብላሉ፤ ነጂዎቹም በጉልበት ብቻ ሳይሆን በክርን ጭምር መሬት ይነካሉ።

የአቀማመጡ ቅደም ተከተል

ዝግጅቱ የሚጠናቀቀው ከኩርባው በፊት ነው። ነጂው ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ፍሬን ይዞ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ተስማሚ ማርሽ ያስገባል፣ ከዚያም አካሉን ያስቀምጣል።

• እግር፦ የጫማው ፊተኛ ክፍል በመርገጫው ላይ ያርፋል። ጣቶች ወደ ታች ከተንጠለጠሉ መሬት ሊነኩ ይችላሉ።
• ዳሌ፦ በውድድር ሜዳ ከዳሌው ግማሽ ያህሉ ከወንበሩ ወደ ውስጥ ጎን ይወጣል። በተራ መንገድ ጥቂት ፈቀቅ ማለት ይበቃል።
• የውጭ ጉልበት፦ ታንኩን አጥብቆ ይይዛል። ነጂውን በሞተር ሳይክሉ ላይ የሚያቆየው ይህ ጉልበት እንጂ እጅ አይደለም።
• እጅ፦ ክርን ታጥፎ ይላላል። ወደ ቀኝ ለመታጠፍ የቀኙ እጀታ ወደ ፊት በዝግታ ይገፋል፤ ሞተር ሳይክሉም ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ወደ ግራም እንዲሁ በግራው እጀታ ይደረጋል።
• ደረትና ራስ፦ ትከሻ ወደ ውስጠኛው እጀታ ዝቅ ይላል፤ ራስ ከመስተዋቱ አቅጣጫ ጋር ይሆናል።
• ዓይን፦ ከፊት ጎማው ሥር ሳይሆን ኩርባው ወደሚያልቅበት ይመለከታል። ነጂ ወደሚያየው ቦታ የመሄድ ዝንባሌ ስላለው ዓይን አቅጣጫን ይመራል።

ኩርባው ከተጀመረ በኋላ ነዳጅ በዝግታና ሳይቆራረጥ ይሰጣል። በመሃል በድንገት መልቀቅ ወይም የፊት ፍሬን አጥብቆ መያዝ ክብደቱን በአንድ ጊዜ ወደ ፊት ጎማ ስለሚጥል ሊያንሸራትት ይችላል።

የተለመዱ ስህተቶች

በጣም የተለመደው ስህተት ዳሌን ወደ ውስጥ አውጥቶ ደረትንና ራስን ወደ ውጭ ማስቀረት ነው። ነጂው የወጣ ይመስለዋል፤ ከባዱ የአካል ክፍል ግን በተቃራኒው ጎን ስለቀረ የተገኘው ጥቅም ይጠፋል። ሁለተኛው በእጀታው ላይ መንጠልጠል ነው፤ የእጅ ውጥረት መሪውን ስለሚያደነድነው ሞተር ሳይክሉ የመንገዱን እብጠት ራሱ አስተካክሎ ማለፍ ይሳነዋል። ሦስተኛው ዘግይቶ፣ ሞተር ሳይክሉ ካዘነበለ በኋላ በወንበሩ ላይ መንቀሳቀስ ነው። ጉልበትን መሬት ለማስነካት ብቻ መዘርጋትም ብዙ አዲስ ነጂዎችን ያሳስታል፤ ጉልበት መሬት የሚነካው በአቀማመጡና በማዕዘኑ ምክንያት ነው፣ በራሱ ግብ አይደለም።

ሌሎች የማዘንበል ዓይነቶች

በዝግታ በሚነዳበት ተራ ጉዞ ነጂው ከሞተር ሳይክሉ ጋር በአንድ መስመር ማዘንበሉ ይበቃል። በጠባብ ቦታ በጣም በዝግታ ሲዞር ደግሞ ተቃራኒው ይሠራል፦ ሞተር ሳይክሉ ወደ ውስጥ ሲያዘነብል ነጂው ቀና ብሎ ወደ ውጭ ጎን ይቀመጣል። በጠጠርና በአፈር መንገድም ነጂዎች ክብደታቸውን በውጭው መርገጫ ላይ አሳርፈው ሞተር ሳይክሉን ከሥራቸው ያስተኙታል፤ ጎማው ቢንሸራተት ሚዛን ለመመለስ ይቀላል። ስለዚህ ለስፖርት ሞተር ሳይክል የሚሰጠው ምክር ለአስፋልት እንጂ ለሁሉም መንገድ አይደለም።

በሰሜን ሸዋ መንገዶች

ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከዚያ ወደ ሰሜን የሚሄደው ዋና መንገድ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ጣርማ በር፣ በኢጣሊያ ወረራ ዘመን በተሠራው ዋሻ በኩል አልፎ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። ቁልቁለቱ ቀጥሎ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት ያደርሳል። ከደብረ ብርሃን ወደ ደቡብ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚደረሰው አንኮበር፣ የቀድሞው የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ፣ በዚያው ገደል ጠርዝ ላይ ነው፤ ከእርሱም ወደ አልዩ አምባ ቁልቁል ይወረዳል።

በእነዚህ መንገዶች አቀማመጡን የሚፈትነው ቁልቁለቱ ነው። ፍሬን ሲያዝ ነጂው ወደ ታንኩ ይንሸራተታል፤ ክብደቱ ሁሉ በእጁ ላይ ከወደቀ መሪውን በነጻነት ማንቀሳቀስ አይችልም። ታንኩን በሁለቱም ጉልበት አጥብቆ መያዝና በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ እጅን ያሳርፋል። የደብረ ብርሃን የጠዋት ውርጭ ጎማንም ጣትንም ያቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛ ጎማ ደግሞ መንገድን በደንብ አይዝም። በጣርማ በር ጉም ሲወርድ የሚታየው መንገድ ያጥራል፤ በመንገዱ ዳር ከብት፣ የጋማ ከብትና ጭላዳ ሊያጋጥሙ ይችላሉ።

በደረቅ አስፋልት ላይ፣ የአንድ ሰከንድ የማስተዋያ ጊዜ ሲታሰብ፣ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሞተር ሳይክል ለመቆም 21 ሜትር ያህል፣ በሰዓት 60 የሚነዳ ደግሞ 40 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። ቁልቁለት ርቀቱን ያስረዝማል። ዓይን ከሚደርስበት ርቀት ውስጥ መቆም የማይቻልበት ፍጥነት ለዚያ ኩርባ ከልክ ያለፈ ነው።

በኢትዮጵያ ተሽከርካሪ የሚሄደው በመንገዱ ቀኝ በመሆኑ ሁለቱ ኩርባዎች እኩል አይደሉም። በግራ ኩርባ የነጂው ራስና ትከሻ ወደ መሃል መስመር ይወጣሉ፤ ጎማው በራሱ መስመር ውስጥ እያለ ራሱ ከፊት በሚመጣ የጭነት መኪና መንገድ ላይ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ በግራ ኩርባ ከመሃል መስመሩ ራቅ ብሎ መግባት ያስፈልጋል። በቀኝ ኩርባ አካሉ ወደ መንገዱ ዳር ይሄዳል፤ ከፍጥነት የተነሳ ኩርባው ቢሰፋበት ግን የሚወጣው ወደ ተቃራኒው መስመር ነው።

ልምምድ

አቀማመጡ መጀመሪያ የሚለመደው ሞተር ሳይክሉ በማቆሚያ ላይ ቆሞ እያለ ነው። ቀጥሎ ተሽከርካሪ በሌለበት ሰፊና ንጹሕ ሜዳ ላይ በዝቅተኛ ፍጥነት ክብ እየሠሩ መዞር፣ ከዚያም በሁለቱም አቅጣጫ ስምንት ቁጥር መሥራት ይከተላል። ሄልሜት፣ ጓንት፣ ወፍራም ጃኬትና ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን ጫማ ከመጀመሪያው ቀን አይለዩም። ከኋላ ሰው የተጫነ እንደሆነ ነጂው በወንበሩ ላይ አይንቀሳቀስም፤ ተሳፋሪው በነጂው የውስጥ ትከሻ በኩል እያየ አብሮ ያዘነብላል። ተሳፋሪው ፈርቶ ወደ ውጭ ከቀና፣ ሞተር ሳይክሉ ኩርባውን ለመጨረስ ይበልጥ ማዘንበል ይኖርበታል።