ጥይት የማያቆመው ጠላት፦ የመናፍስት ጌም የሚያስፈራው በምን ምክንያት ነው?

ጀሞ ወይም ለቡ ካሉት ፕሌይስቴሽን ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ያለ ሰው ስክሪኑ ላይ የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ኳስ ነው። ሁለቱ ጆይስቲክ ይዘው ይጋጠማሉ፣ ተራ የሚጠብቁት ከኋላ ሆነው ይተቻሉ፣ የተሸነፈው ይነሳል። አስፈሪ ጌም እንዲህ ባለ ቤት ብዙም አይከፈትም፤ ቢከፈትም አያስፈራም። ነጭ የለበሰች የሞተች ሴት በጨለማ ኮሪደር ቀስ እያለች ስትመጣ ከተቀመጡት አንዱ "እቺንማ አውቃታለሁ፣ የሰፈራችን ልጅ ናት" ይላል፤ ሁሉም ይስቃል፤ የመንፈሷም ነገር እዚያው ላይ ያበቃል። ያንኑ ጌም ያው ልጅ ማታ ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ ቢከፍተው ግን ሽንት ቤት ድረስ ለመሄድ ይቸገራል። ዲስኩ ያው ነው፣ ሥዕሉም ያው ነው። የተለየው ልጁ ያጣው ነገር ነው፦ ሰው፣ ጫጫታ፣ ብርሃን።

ይህ ዓይነቱ ጌም ሲጀመርም የተሠራው ከተጫዋቹ ላይ አንድ በአንድ እየነጠቀ እንዲሄድ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጠቅሳለሁ። የጃፓኑ ካፕኮም በ1989 "ስዊት ሆም" የሚባል፣ መናፍስት የሰፈሩበት ትልቅ ቤት ውስጥ የሚካሄድ ጌም አወጣ። በ1992 ፈረንሳዮች "አሎን ኢን ዘ ዳርክ"ን ሠሩ። ነገሩ ዓለምን ያዳረሰው ግን በ1996 ካፕኮም "ሬዚደንት ኢቭል"ን ለመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ሲያወጣ ነው፤ "ሰርቫይቫል ሆረር" የሚለው መጠሪያም ከእሱ ጋር ተስፋፋ። እዚያ ውስጥ እንደልብ መተኮስ የለም፣ ጥይት ጥቂት ነው። የደረሱበትን ሴቭ ለማድረግ እንኳ የጽሕፈት መኪና ሪባን ፈልጎ ማግኘት ያስፈልጋል፣ ሪባኑም ያልቃል። ካሜራው ደግሞ ግድግዳ ጥግ ላይ እንደተተከለ ስለሚቀር፣ ማዶ ያለው ፍጡር እግሩን ሲጎትት ይሰማል እንጂ አይታይም።

"ሬዚደንት ኢቭል" ውስጥ ያሉት ግን ዞምቢዎች ናቸው፣ ዞምቢ ደግሞ ሥጋ አለው። በር ይዘጋበታል፣ በጥይት ይወድቃል። ተጫዋቹ ስንት ጥይት እንደቀረውና ስንት ዞምቢ ፊቱ እንደቆመ ካወቀ ፍርሃቱ የሒሳብ ጉዳይ ይሆናል። መንፈስ ሒሳቡን ያፈርሰዋል። በር አያግደውም፣ ስለዚህ የተዘጋ ክፍል ማለት የተጠበቀ ክፍል ማለት አይደለም። ከጀርባ ሊመጣ ይችላል፣ ከወለሉ ሥር ሊወጣ ይችላል፣ ጨርሶም ላይመጣ ይችላል። ከሁሉ የሚከፋው ይህ የመጨረሻው ነው፤ ምክንያቱም ተጫዋቹ ባዶ ክፍል ውስጥ ቆሞ ራሱን በራሱ ያስፈራራል፣ ጌሙ ምንም ሳይደክም።

ይህን ከማንም በላይ የተረዳው ጌም በ2001 መጨረሻ ቴክሞ የተባለ የጃፓን ኩባንያ ለፕሌይስቴሽን 2 ያወጣው ነው። ጃፓን ውስጥ "ዜሮ"፣ አሜሪካ ውስጥ "ፌታል ፍሬም"፣ አውሮፓ ውስጥ "ፕሮጀክት ዜሮ" ይባላል። የመራው ማኮቶ ሺባታ ነው። ሚኩ የምትባል ወጣት የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ ሂሙሮ ወደሚባል የፈራረሰ ግቢ ትገባለች። ሽጉጥ የላትም፣ ጎራዴ የላትም። ያላት አንድ አሮጌ ካሜራ ነው፤ መንፈስን የሚያዳክመው ፎቶ መነሳቱ ነው።

ሲሰሙት ቀልድ ይመስላል። ሲጫወቱት ግን የካሜራው ተንኮል ይገለጣል። ሚኩ ካሜራውን ወደ ዓይኗ ስታነሳ ስክሪኑ በሙሉ የካሜራው መስኮት ይሆናል፤ ግራና ቀኙ ይጠፋል፣ እርምጃዋም ይዘገያል። ፎቶው ኃይል የሚኖረው ደግሞ መንፈሱ ሲቀርብ ነው። ከሩቅ የተነሳ ፎቶ እምብዛም አይጎዳውም። ከሁሉ የሚበልጠው ፎቶ መንፈሱ እጁን ዘርግቶ ሊይዛት በሚልበት ቅጽበት የሚነሳው ነው፤ ጥቂት ከቀደሙ ይባክናል፣ ጥቂት ከዘገዩ ተይዘዋል። ሰው ሲፈራ ከሚያደርጋቸው ነገሮች ዋነኞቹ ሁለት ናቸው፦ ፊቱን ያዞራል፣ ይሸሻል። ጌሙ ሁለቱንም ይቀጣቸዋል። ቁሞ ፊት ለፊት ያየ፣ እስኪቀርብም የጠበቀ ነው የሚሸለመው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጌም ወጥቷል፤ የሚያስፈራውን ነገር ራሱ የመዳኛ መንገድ በማድረግ ረገድ ግን የሚስተካከለው ያለ አይመስለኝም።

የካሜራው ፊልምም ቢሆን ይቆጠራል። ደካማው ፊልም በብዛት ይገኛል፣ ጠንካራው እዚህም እዚያም ተጥሎ አንድ ሁለት ይለቀማል። ተጫዋቹ ጠንካራውን ለክፉ ቀን ብሎ ያስቀምጣል፣ ክፉ ቀን ይመጣል፣ አሁንም ከዚህ የባሰ ይመጣል ብሎ ይሰስታል። ጌሙን ጨርሶ ያ ፊልም ሳይነካ የተረፈው ሰው ጥቂት አይደለም።

የአሜሪካው ካርቶን ላይ "በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ" የሚል ጽሑፍ ታትሞበት ነበር። የሂሙሮ ግቢ የጌሙ ፈጠራ ነው፣ ጽሑፉም የገበያ ዘዴ ነበር። ቢሆንም አንድ ነገር ሠርቷል፦ የፈራ ሰው የሚጠለልበትን "ኧረ ውሸት ነው" የሚለውን መጠጊያ አሳጥቶታል።

የእነዚህ መናፍስት ታሪክ ለእኛ አንባቢ ሩቅ አይደለም። በ2003 የወጣው ሁለተኛው ክፍል ውስጥ መንታ እህትማማቾች ከካርታ የጠፋ መንደር ውስጥ ይገባሉ። መንደሩ ከመንታዎች አንዷ ሌላዋን በእጇ አንቃ የምትገድልበት ሥርዓት ነበረው፤ ሥርዓቱ ሳይፈጸም ስለከሸፈ መንደሩ በማያልቅ ሌሊት ውስጥ ቀረ። በጃፓኖች ተረት የሚመለስ ሙት ብዙ ጊዜ የቀረበት ነገር ያለ ነው፦ በግፍ የሞተ፣ ወይም የሚገባው ያልተደረገለት። ፍትሐቱን፣ ሠልስቱን፣ አርባውንና ተዝካሩን ለሚያውቅ ሰው ይህ ብዙ ማብራሪያ አይጠይቅም። ለሟች መደረግ ያለበት ነገር ሳይደረግ መቅረቱ እዚህም ቤተሰብ ያስጨንቃል፤ ጭንቀቱ ላይ ፊት ተሥሎበት ኮሪደር ላይ ሲቆም ነው ልዩነቱ።

ወደ ድምፅ እንሂድ። በ1999 ኮናሚ ያወጣው "ሳይለንት ሂል" ለተጫዋቹ የተበላሸች ትንሽ ሬዲዮ ይሰጠዋል። ጭራቅ ሲቀርብ ሬዲዮዋ ትንሿሿለች፤ የት እንዳለ ግን አትናገርም። ከተማው ደግሞ በጭጋግ ተሸፍኗል። ጭጋጉ የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ሩቅ ያለውን ነገር ለመሣል አቅም ያነሰው ስለነበር ጉድለቱን የሸፈነ ነው፤ የማሽኑ ድክመት ለፍርሃቱ ጠቀመ። አደጋ መኖሩን አውቆ አቅጣጫውን ማጣት ምንም ካለማወቅ ይከፋል። በፕሌይስቴሽን ቤት ጩኸት መካከል ያቺ ሬዲዮ አትሰማም፣ ጌሙም ግማሹ ይጠፋል።

እዚህ ላይ ድንጋጤና ፍርሃት ተለይተው ይታዩ። ድንገት ከፍ ያለ ድምፅ ሲፈነዳ ዓይን ይርገበገባል፣ ትከሻ ይሰበሰባል፣ ልብ ይመታል። ይህ ሰውየው ማሰብ ሳይጀምር ሰውነቱ በራሱ የሚያደርገው ነው፤ ማንም ሰው ሳህን በመጣል ሊያደርሰው ይችላል። ሲደጋገም ደግሞ ሰውነት ይለምደዋል። ብዙ ርካሽ ጌሞች በዚህ ብቻ ይኖራሉ፤ ጸጥታ፣ ጸጥታ፣ ከዚያ ፊት ከነጩኸቱ። በአምስተኛው ላይ ያሰለቻል። ፍርሃት ግን የሚመጣውን በመጠበቅ የሚያድግ ስለሆነ፣ ጎበዝ ሠሪ ድንጋጤውን ቆጥቦ ተጫዋቹን በመጠበቅ ብቻ ያደክመዋል።

በዚህ ላይ ጌም ከፊልም የሚለይበት ነገር አለ። ሲኒማ ቤት ያለ ሰው ሲፈራ ፊቱን በነጠላው ይሸፍናል፤ ፊልሙ ያለ እሱ ይቀጥላል፣ አስፈሪውም ያልፋል። ጌም አይቀጥልም። ዓይኑን ቢጨፍን በሩ ሳይከፈት ይቆየዋል፣ ኮሪደሩም አይሄድም። በሩን የሚከፍተው ያው የፈራው ሰው በገዛ አውራ ጣቱ ነው። ተመልካች "ወደዚያ አትግቢ!" ብሎ ይጮኻል፤ ተጫዋች ግን የሚጮኸው በራሱ ላይ ነው።

በነሐሴ 2014 ለፕሌይስቴሽን 4 በነፃ የተለቀቀው "ፒ.ቲ." ይህን እስከ ጫፍ ወሰደው። ያሠራው ሂዴዮ ኮጂማ ነው። ጌሙ አንድ የታጠፈ ኮሪደር ነው። ተጫዋቹ በመጨረሻው በር ሲወጣ እዚያው ኮሪደር መጀመሪያ ላይ ይገኛል። ደግሞ ይሄዳል፣ ደግሞ ይመለሳል፤ በእያንዳንዱ ዙር አንዲት ጥቂት ነገር ትለወጣለች። መሣሪያ የለም፣ መሮጥ የለም፣ ማየትና መራመድ ብቻ። ሊሳ የምትባል የሞተች ሴት አለች። ባለቤቱ ኮናሚ በ2015 ጌሙን ከፕሌይስቴሽን መደብር አነሳው፤ ያላወረደ ሰው ቀረበት። በ2019 ደግሞ የጌሙን ውስጥ የበረበረ አንድ ፕሮግራመር አስገራሚ ነገር አገኘ፦ ተጫዋቹ የእጅ ባትሪውን ካገኘበት ሰዓት ጀምሮ ሊሳ ከጀርባው ተጣብቃ ትከተለዋለች። በወቅቱ "ከኋላዬ ሰው ያለ መሰለኝ" ያሉ ተጫዋቾች ቅዠት አልነበረባቸውም።

ወደ ጀመርነው ወደ ሰው ጉዳይ ልመለስ። በእኛ ዘንድ መንፈስ የያዘው ሰው ለብቻው አይተውም። ዘመድ ደግፎ ጠበል ይወስደዋል፤ አጥማቂው መንፈሱን ስሙን ይጠይቀዋል፣ ከየት እንደገባ ያስለፈልፈዋል፣ ምሎ ተገዝቶ እንዲወጣ ያደርገዋል፤ ይህ ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት ነው። የሚያምንም የማያምንም ሰው የሚያየው ነገር ቢኖር፣ በዚያ ሥርዓት ውስጥ የተጨነቀው ሰው ብቻውን አለመሆኑን ነው። አስፈሪ ጌም መጀመሪያ የሚነጥቀው ይህንን ነው። ለአራት ሰው የተሠራው የ2020ው "ፋዝሞፎቢያ" እንኳ በጥበብ ይነጣጥላቸዋል። ጓደኛሞች ተሰባስበው መንፈስ ያለበት ቤት ይገባሉ፣ የመንፈሱን ዓይነትም መለየት አለባቸው፤ ግን አንዳንዱ መንፈስ መልስ የሚሰጠው ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ለሆነ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱ መግባት አለበት፣ ሌሎቹ ውጭ ይቆማሉ። በዚያ ላይ ጌሙ በማይክሮፎን የተጫዋቾቹን ንግግር ይሰማል። የመንፈሱን ስም ደጋግሞ የጠራ ሰው ያናድደዋል። ስለ ክፉ በሽታ ሲያወሩ "ስሙን ቄስ ይጥራውና" የሚሉ ሰዎች ይህን ሕግ ያለ አስጠኚ ይረዱታል።

እዚህ አገር እንዲህ ያለ ጌም ቢሠራስ? ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ስቱዲዮ "ኩኩሉ" በሚለው የስልክ ጌሙ ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮ አሳይቶናል፤ ሽሽቱን እንችልበታለን ማለት ነው። ለመናፍስት ጌም መጀመሪያ የሚታሰበው ቦታ የጀሞ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ይመስለኛል፦ መብራት ሄዷል፣ እያንዳንዱ ፎቅ ከታችኛው ጋር አንድ ዓይነት ነው፣ ከከተማው ዳርቻ ጅብ ይሰማል። ጥሩ ነው፣ ግን "ፒ.ቲ." ቀድሞ የሄደበት መንገድ ነው።

የእኛ አያቶች የሚፈሩት ሰዓት ሌሊት ብቻ አልነበረም። ቀትር ላይ ወንዝ አትውረድ ይሉ ነበር፤ መዝሙረ ዳዊት 90 የሚጠቅሰው ጋኔንም የቀትር ጋኔን ነው። በሌሊት የሚያስፈራ ጌም ሞልቷል፤ በጠራራ ፀሐይ፣ በትንሹ አቃቂ ወንዝ ዳር፣ ሁሉ ነገር እየታየ የሚያስፈራ ግን ብርቅ ነው። ጨለማ ከሌለ ጌሙ የሚነጥቀው ሌላ ነገር መፈለግ አለበት፣ ለዚህም ፀሐይዋ ራሷ ታግዛለች። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች በሚያዝያ ቀትር ፀሐይ አናት ላይ ትቆማለች፣ የሰው ጥላም እግሩ ሥር ይገባል። መንፈሱ የሚለየው ጥላ ባለመኖሩ ነው ይባል። ጠዋት ተጫዋቹ ከሩቅ ይለየዋል፣ ከሰዓት በኋላም እንደዚያው። ስድስት ሰዓት ሲሆን ግን የማንም ጥላ አይታይም፤ ወንዙ ዳር ልብስ የሚያጥቡት፣ አሸዋ የሚያወጡት፣ ከብት የሚያጠጡት ሁሉ እኩል ይጠረጠራሉ፣ ጌሙም ተጫዋቹን በዚያች ሰዓት ወንዙን እንዲሻገር ያስገድደዋል።