በሁለት ቀለበቶች መካከል፦ የጄፍሪ ዊልኪንሰን የጥናት ጽሑፎች

ተመራማሪ ኬሚስት የደረሰበትን ነገር ለሙያ ባልደረቦቹ የሚያስታውቀው በሁለት ዓይነት ጽሑፍ ሲሆን፣ አንደኛው ግኝቱ ሌላ ሰው ሳይቀድምበት በአንድ ሁለት ገጽ የሚወጣ አጭር መግለጫ፣ ሁለተኛው ደግሞ ውሁዱ እንዴት እንደተሠራ፣ በስንት ዲግሪ እንደሚቀልጥና በምን እንደሚሟሟ ዘርዝሮ፣ ማንም በራሱ ቤተ ሙከራ እንዲደግመው የሚያስችል ሙሉ ዘገባ ነው። እንግሊዛዊው ጄፍሪ ዊልኪንሰን (1921–1996) ሁለቱንም አዘውትሮ ጽፏል፤ ስሙን ያስጠራው ግን አጭሩ ነው።

ዊልኪንሰን የተሰማራበት የኦርጋኖሜታሊክ ኬሚስትሪ የብረታ ብረት አቶም ከካርቦን ጋር በቀጥታ የተሳሰረባቸውን ውሁዶች ያጠናል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1951 ኪሊና ፓውሰን የተባሉ የፒትስበርግ ኬሚስቶች ሌላ ውሁድ ለመሥራት ሲሞክሩ ያገኙትን፣ አንድ የብረት አቶምና ባለ አምስት ካርቦን ሁለት ቀለበቶች የያዘ ብርቱካንማ ክሪስታል ኔቸር በተባለው መጽሔት አስታወቁ። (በእንግሊዝ አገር ሌሎች ኬሚስቶች ይህንኑ ውሁድ ሠርተው ጽሑፋቸውን ቀድመው ልከው ነበር፤ መጽሔታቸው ያወጣው በ1952 ስለሆነ ግን የፊተኛነቱ ስም ለፒትስበርጎቹ ሆነ።) ኪሊና ፓውሰን ብረቱ ከየቀለበቱ አንዲት ካርቦን ጋር ብቻ የተያያዘ መስሏቸው ነበር፤ ሆኖም እንዲህ ያለ ትስስር እንደዚህ ክሪስታል ከፍተኛ ሙቀት የሚችል ውሁድ ሊሰጥ አይችልም ነበርና በዚያን ጊዜ ሃርቫርድ ያስተምር የነበረው ዊልኪንሰን ሥዕሉን አልተቀበለውም።

በ1952 ከሮዘንብለም፣ ከዋይቲንግና ከዉድዋርድ ጋር ያወጣው አጭር መግለጫ የጥሩ ማስረጃ አደራደር ናሙና ነው። ውሁዱ ማግኔት የማይስበው ከመሆኑም በላይ የኤሌክትሪክ ቻርጁ ወደ አንድ ጎን አያጋድልም፤ በኢንፍራሬድ ጨረር ሲመረመርም በካርቦንና በሃይድሮጂን መካከል ያለው ትስስር የሚሰጠው ምልክት አንድ ብቻ ነው። ብረቱ በየቀለበቱ በአንዲት ካርቦን ብቻ ተይዞ ቢሆን ኖሮ ሃይድሮጂኖቹ ያሉበት ሁኔታ ስለሚለያይ ምልክቱም ከአንድ በላይ በሆነ ነበር። ስለዚህ ብረቱ በሁለት ትይዩ ቀለበቶች መካከል፣ ሳንድዊች ውስጥ እንዳለ መሙያ፣ በአሥሩም ካርቦኖች እኩል ተይዟል ከሚለው ሌላ መደምደሚያ አልነበረም። ውሁዱም ፈሮሲን ተባለ። በሙኒክ የነበረው ኤርነስት ኦቶ ፊሸር በራሱ መንገድ ተመሳሳይ ውጤት ላይ ስለደረሰ፣ በ1973 ሁለቱ የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ፤ ሐሳቡ የእኔም ነው ያለው ዉድዋርድ ደግሞ ለሸላሚው ኮሚቴ ቅሬታውን ጽፏል። በመግለጫው ላይ ዊልኪንሰን ፊተኛ፣ ዉድዋርድ ኋለኛ ሆነው መስፈራቸው ክርክሩን አይፈታውም፤ የጸሐፊዎች ስም ዝርዝር ማን ምን እንደሠራ እንጂ ማን ቀድሞ እንዳሰበ አይናገርምና፤ ብዙ ጊዜም የመጀመሪያውን እንኳ በወጉ አይናገርም።

በ1955 ወደ ለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ከተመለሰ በኋላ ያወጣው ሌላ ዕውቅ ጽሑፍ የ1966ቱ ነው። የሮድየም ክሎራይድ ከበዛ ትራይፌኒልፎስፊን ጋር በኢታኖል ሲፈላ ጥልቅ ቀይ ክሪስታል ይሰጣል፤ ይህም ውሁድ ፈሳሽ ውስጥ ሟሙቶ፣ ሃይድሮጂንን ድርብ ትስስር ባላቸው ካርቦኖች ላይ በተራ የክፍል ሙቀት የሚጨምር ካታሊስት፣ ማለትም ራሱ ሳያልቅ ለውጡን የሚያፋጥን ነገር ነው። ጥቂት ቆይቶ ዊሊያም ኖልስ ፎስፊኑን ግራና ቀኝን በሚለይ ሌላ ፎስፊን ተክቶ፣ ለፓርኪንሰን በሽታ የሚሰጠው ኤል-ዶፓ የሚመረትበትን መንገድ ከፈተ፤ በ2001ም ኖቤል ተሸለመበት።

ዊልኪንሰን ከቀድሞ ተማሪው ከአልበርት ኮተን ጋር ያዘጋጀው፣ በ1962 የወጣው የኢንኦርጋኒክ ኬሚስትሪ መማሪያ ከጥናት ጽሑፎቹ ይልቅ ብዙ አንባቢ አግኝቷል። ለባለሙያው ግን በ1973 የቀረበው ሄክሳሜቲል ተንግስተን፣ አንድ የተንግስተን አቶም ባለ አንድ ካርቦን የሆኑ ስድስት ሜቲሎችን የተሸከመበት ውሁድ፣ ይበልጥ አስተማሪ ነው። ቀደም ሲል እንደ ተንግስተን ባሉ ብረቶችና በካርቦን መካከል ያለው ትስስር በባሕርዩ ደካማ ነው ይባል ነበር፤ እንዲህ ያሉት ውሁዶች የሚፈርሱት ግን ሁለተኛዋ ካርቦን ሃይድሮጂኗን ለብረቱ አሳልፋ የምትሰጥበት ቀላል መውጫ ስላላቸው እንደሆነ፣ ሁለተኛ ካርቦን የሌለው ሜቲል ደግሞ ይህ መውጫ ስለተዘጋበት ከብረቱ ጋር ጸንቶ ሊቆይ እንደሚችል የዊልኪንሰን ቡድን ሥራዎች አሳዩ።