ቆለኛው አልጌ

ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ የሚወርድ ሰው ሙቀቱን የሚለካው በጋቢው ነው። ማለዳ ተከናንቦት የተነሳውን ቁልቁለቱ መሀል ትከሻው ላይ ይጥለዋል፤ ገበያው ሲደርስ ብብቱ ሥር ይገባል። ለሽያጭ የያዘው ቅቤም እንዲሁ ነው፤ ደጋ ላይ ጣት የማያስገባው ቆላው ጠርዝ ላይ መላወስ ይጀምራል። 1 ሺህ ሜትር በወረዱ ቁጥር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል የሚለውን የመማሪያ መጽሐፍ ቁጥር የዚህ አገር ሰው ሳይማረው ያውቀዋል። በ19ኛው መቶ ዘመን ከታጁራ ተነስተው አፋርን የሚያቋርጡ የግመል ነጋዴዎች ከሸዋ ደገኛ ጋር የሚገበያዩት እዚሁ አሊዩ አምባ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለውን ዳገት መውጣት የበቅሎ፣ የአህያና የሸክም ሰው ፋንታ ነው።

ደገኛና ቆለኛ የሚባለው ግን ሰውና እንስሳ ብቻ አይደለም፤ አልጌም ነው። ከብት በሚጠጣበት ገንዳ ጠርዝ ላይ የሚለጠፈው፣ የረጋ ኩሬ ላይ እንደ ልባስ የሚጋገረው አረንጓዴ ነገር አልጌ ነው፤ ብዙው በዓይን የማይታይ፣ አንድ ሕዋስ ብቻ ያለው ፍጥረት ነው። ነዳጅ ፈላጊዎች የወደዱት ስብ ስለሚያከማች ነው። ናይትሮጅን የሚባለው ምግቡ ሲያልቅበት መባዛቱን ይተውና የፀሐዩን ጉልበት ዘይት አድርጎ ያስቀምጠዋል። አንዳንዱ ዝርያ ሲደርቅ ከክብደቱ ሩብ ያህሉ፣ አልፎም ግማሽ የሚጠጋው ዘይት ሆኖ ይገኛል። ዘይቱ ወጥቶ ከሜታኖል ጋር ሲዋሃድ ባዮዲዝል ይሆናል፤ ተረፈ ምርቱ ግሊሰሪን ነው። የጤፍ ማሳ አይሻማም፣ ጨዋማ ውሃም አይንቅም። ከሃያ ዓመት በፊት ጃትሮፋና ጉሎ ተስፋ ተጥሎባቸው መሬት ሲታረስላቸው፣ ብዙው ውጥን ከመንገድ መቅረቱን ለሚያስታውስ ኢትዮጵያዊ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ችግሩ ፀሐይ ነው። አልጌው ያለ ፀሐይ አይኖርም፤ በፀሐይ የተሞላ አገር ውስጥ ደግሞ ውሃው ይግላል። በመስታወት ወይም በፕላስቲክ ቱቦ ታሽጎ ሲለማ የውሃው ሙቀት ከአየሩ በልጦ 40 ዲግሪን ሊሻገር ይችላል። ከ20 እስከ 30 ዲግሪ የሚመቸው ተራ አልጌ እዚያ ቀቅለው የተውት ጎመን ይሆናል። ቱቦውን በውሃ ማቀዝቀዝ ይቻላል፤ ግን ነዳጅ ለማምረት ነዳጅ ማቃጠል፣ በደረቅ አገርም ውሃ ማባከን ነው። ክፍት ኩሬ በትነት ራሱን ያቀዘቅዛል፤ የሚተነውን ማን ይተካለታል? ስለዚህ ፍለጋው ወደ ቆለኛው ዞረ።

የመጀመሪያው ስመ ጥር ቆለኛ የተገኘው ከበረሃ ሳይሆን ከከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ኮንስታንቲን ሶሮኪንና ጃክ ማየርስ የተባሉ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሳይንቲስቶች ክሎሬላ ከሚባለው አልጌ ሙቀት የሚወድ ዝርያ ማግኘታቸውን አሳወቁ። ዘመዶቹ 25 ዲግሪ አካባቢ ሲመቻቸው እሱ 39 ላይ ይፈነጥዝ ነበር፤ ዛሬ በሶሮኪን ስም ክሎሬላ ሶሮኪኒያና ይባላል። ከእሱ የባሱ አሉ። ጋልዲዬሪያ የተባለው አልጌ ድኝ በሚያፈሉ፣ እንደ አሲድ በሚያቃጥሉ ምንጮች ውስጥ እስከ 56 ዲግሪ ይዘልቃል። በአሜሪካው የሎውስቶን ፍል ውሃ ደግሞ ከ70 ዲግሪ በላይ የሚኖሩ አረንጓዴ ባክቴሪያዎች አሉ። ሙቀት መቻል ብቻውን ግን ዘይት አይሆንም፤ ብዙዎቹ ጀግኖች ከሲታ ናቸው።

ለዚህ ነው ሥራው ትዕግሥት የሚጠይቀው። ናሙና ሰብሳቢ ቴርሞሜትር ይዞ ፍል ውሃው ከሚፈነዳበት እስከሚቀዘቅዝበት ድረስ ከየደረጃው ይቀዳል። የተቀዳው 40 ወይም 45 ዲግሪ በሚሞቅ ሳጥን ውስጥ በብርሃን ይቀመጣል፤ ያልቻለው ይሞታል። የተረፈው አጋር በሚባል የረጋ ምግብ ላይ ይጫርና ከአንድ ሕዋስ የተባዛችው ነጥብ ትለቀማለች፤ እንደገና ትጫራለች፣ እንደገና ትለቀማለች። ዝርያው ሲጠራ ናይትሮጅን ይከለከላል፤ ናይል ሬድ የተባለ ቀለም ይጠጣል። ዘይት ያዘለ ከሆነ በልዩ ማይክሮስኮፕ ሥር ወርቅማ ጠብታ ያበራል።

አሁን ወደ ቅቤው እንመለስ። ቅቤ ደጋ ላይ የሚጠጥረው፣ የኑግ ዘይት ግን እዚያው ብርድ ውስጥ የሚፈስሰው የስባቸው ቅንጣት ስለሚለያይ ነው፤ የቅቤው ብዙ ቀጥ ያለ ነውና ተደራርቦ ይጠጥራል፣ የኑጉ የተጎበጠ ነውና አይደራረብም። የሕዋስ ሽፋንም ከስብ የተሠራ ነው። በሙቀት እንዳይላላ ቆለኛው አልጌ ወደ ቅቤው ዓይነት ያደላል። እንዲህ ያለው ስብ የሚሰጠው ባዮዲዝል ቶሎ አይበላሽም፣ በደንብም ይነዳል። ነገር ግን በኅዳር ውርጭ ደብረ ብርሃን ላይ ያደረ የጭነት መኪና ማለዳ ቢቀሰቀስ፣ ነዳጁ ማጣሪያው ውስጥ እንደ ረጋ ቅቤ ሊጠብቀው ይችላል። የቆላ ነዳጅ ለቆላ ሞተር ነው፤ ለደጋው መቀላቀል ያስፈልገዋል።

ኢትዮጵያ ለዚህ ፍለጋ እንግዳ አይደለችም። ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ ስሙን ያገኘው ከስፒሩሊና ነው፤ ስፒሩሊና፣ ነገሩን ለማጥበቅ ከሆነ፣ አልጌ ከሚባለው ይልቅ ባክቴሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ታሊንግ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በዚህ ሐይቅና በጎረቤቱ ኪሎሌ ያደረጉት ጥናት፣ በፀሐይ ምግብ የሚሠሩ የውሃ ፍጥረታት የሚደርሱበትን ጣሪያ ያሳየ ነው ተብሎ ዛሬም ይጠቀሳል። ውሃው ከመጠቅጠቁ የተነሳ ብርሃኑ 1 ሜትር ሳይወርድ ያልቃል። በደቡቡ ስምጥ ሸለቆ ያለው ጪቱም የዚሁ ዓይነት ነው፤ ፍላሚንጎ ስፒሩሊናውን ፍለጋ ይመጣል። ስፒሩሊና እስከ 37 ዲግሪ ይመቸዋል፣ ሶዳ የበዛበት ውሃም ተባይ ያርቅለታል። ጉድለቱ ከደረቅ ክብደቱ ግማሽ በላይ ፕሮቲን፣ ትንሹ ብቻ ስብ መሆኑ ነው። ቻድ ውስጥ የካኔምቡ ሴቶች ከኩሬ ሰብስበው ፀሐይ ላይ አድርቀው ዲሄ እያሉ ለወጥ ያደርጉታል፤ ፍርዱን እነሱ ቀድመው የሰጡ ይመስላል፣ ይህ ምግብ እንጂ ነዳጅ አይደለም።

ለነዳጅ የወጣው ገንዘብ ደግሞ ብዙ ነው። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 1996 ባካሄደው ፕሮግራም ከ3 ሺህ በላይ ዝርያዎች ተሰብስበው ወደ 300 ተጣሩ። ኒው ሜክሲኮ በረሃ ላይ በተሠሩት ኩሬዎች ምርቱን የጎዳው፣ ማን ያስብ ነበር፣ የሌሊቱ ብርድ ሆነ። የነዳጅ ኩባንያው ኤክሶንሞቢል እ.ኤ.አ. በ2009 በትልቅ ማስታወቂያ ገብቶ በ2023 ወጣ። ወጪውን የሚያንረው ውሃው ነው፤ አንድ ሊትር የኩሬ ውሃ ብዙ ጊዜ ከ1 ግራም ያነሰ ደረቅ አልጌ ነው የሚይዘው፤ 1 ኪሎ ለማግኘት ከ1 ሺህ ሊትር በላይ ማጣራት አለ። እስከዚያው በኢትዮጵያ ከቤንዚን ጋር የተቀላቀለው የሸንኮራ ኢታኖል ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2008 በ5 በመቶ ተጀምሯል። ከአሊዩ አምባ በታች፣ በአዋሽ ዳር ያለው የመተሐራ ስኳር ፋብሪካም ኢታኖል ያመርታል። ስኳር ሲብላላ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለአልጌ ተመራጭ ምግብ ነው፤ ሙቀቱ ደግሞ እዚያው አለ።

የአረንጓዴ ሐይቅ ጎረቤት ኪሎሌ ግን አሁን እንደ ድሮው አይደለም። በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የሞጆ ወንዝ ለመስኖ ወደ ሐይቁ ተመለሰ። ጨዉ ቀጠነ፣ ውሃው ለዓሣ ተመቸ፣ ታሊንግና ባልደረቦቹ የለኩት ወፍራም አረንጓዴም ጠፋ።