ለሕንፃ መግቢያ የሚሽከረከር በር ስለ መምረጥ

በየትልልቁ መሥሪያ ቤትና በየቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ ላይ ሰውን አንድ በአንድ የሚያሳልፍ የብረት በር መትከል እየተለመደ ሄዷል። ፈረንጆቹ ተርንስታይል ይሉታል፤ እኛ ለዚህ ጽሑፍ ያህል የሚሽከረከር በር እንበለው። ጸሐፊው የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነው እንጂ መሐንዲስ አይደለም። ሆኖም በበሩ የሚያልፈው መሐንዲሱ ብቻ አይደለምና ስለ አመራረጡ ጥቂት ማወቅ ለማናችንም ይጠቅማል።

አስቀድሞ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ይኸውም በሩ ራሱ ሰው አያውቅም። ሥራው በአንድ ፈቃድ አንድ ሰው ብቻ እንዲያልፍ ማድረግ ነው። ባለመብቱን ከሌላው የሚለየው ካርድ አንባቢው ወይም ዘበኛው ነው። ስለዚህ መታወቂያ የሚያጣራ ሳይኖር በሩን ብቻ የተከለ መሥሪያ ቤት ያገኘው የሰው መቁጠሪያ ነው እንጂ ጥበቃ አይደለም።

በብዛት የሚታወቀው እስከ ወገብ የሚደርሰው ባለሦስት ክንዱ ነው። ርካሽ ነው፤ ቦታም አይፈጅም። ነገር ግን ጎረምሳ ይዘለዋል፣ ልጅም ከሥሩ ሾልኮ ያልፋል። ስለዚህ ሰው በአጠገቡ ካልቆመ አይታመንም። ሁለተኛው ከእግር እስከ ራስ በላይ የሚደርሰው የብረት ፍርግርግ ነው። ይህን የሚዘል የለም፤ ስለዚህ ዘበኛ ሁልጊዜ ለማይቆምበት የአጥር በር ወይም ለፋብሪካ ይስማማል። በአንጻሩ ሰው የሚያሳልፈው በዝግታ ነው፤ ሻንጣ የያዘም ይጨነቅበታል። ሦስተኛው በማይታይ ጨረር ሰውን እየለየ የመስታወት መዝጊያ የሚከፍተው አዲሱ ዓይነት ነው። ፈጣንና ያማረ ነው፤ ዋጋው ግን ውድ ነው። ሁለት ሰዎች ተጠባብቀው ሲያልፉም ብዙ ጊዜ የሚያደርገው መጮኽ ብቻ ነው። ጩኸቱን ሰምቶ የሚነሣ ሰው ከሌለ መጮኹ ምን ይረባል?

ዋናው ነገር ግን ዓይነቱ ሳይሆን ቁጥሩ ነው ብዬ አምናለሁ። 900 ሰው ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ የሚገባበት ሕንፃ አለ እንበል። በደቂቃ 30 ሰው መሆኑ ነው። የሻጩ መግለጫ አንድ ባለሦስት ክንድ በር በደቂቃ 30 ሰው ያሳልፋል ቢልም፣ ካርዱን ከኪሱ የሚፈልገውን፣ ቦርሳው ክንዱ ላይ የሚያዘውን ስንጨምር 20 ቢሆን ነው። እንግዲህ ሁለት በር ያስፈልጋል፤ አንዱ ሲበላሽ ሰልፉ መንገድ እንዳይዘጋ ደግሞ ሦስተኛ።

ይህ ሒሳብ የሰው ሕይወት የሚነካ መሆኑን እንግሊዞች በመራራ መንገድ አይተውታል። እ.ኤ.አ. አፕሪል 15 ቀን 1989 በሸፊልድ ከተማ በሂልስቦሮ ስታዲዮም ሊቨርፑልና ኖቲንግሃም ፎረስት ለኤፍ ኤ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ሊጫወቱ ነበር። በሌፒንግስ ሌን በኩል ቆመው ለሚያዩ 10,100 የሊቨርፑል ደጋፊዎች የተመደቡት የሚሽከረከሩ በሮች 7 ብቻ ነበሩ። አንዱ በር በሰዓት 750 ሰው ቢያሳልፍ እንኳ ሁሉንም አስገብቶ ለመጨረስ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በመጨረሻው ሰዓት የመጣው ብዙ ሕዝብ በበሮቹ ፊት ተጨናነቀ። ጨዋታው በአገሩ ሰዓት ከቀኑ በ9 ሰዓት ሊጀመር 8 ደቂቃ ሲቀረው ፖሊስ ሰፊውን የመውጫ በር አስከፈተ። ወደ መካከለኛዎቹ የመቆሚያ ክፍሎች የሚወስደው መተላለፊያ ግን አልተዘጋም ነበር። ሕዝቡም ቀድሞ በሞሉት ክፍሎች ላይ ተጨመረ፤ በጠቅላላው 97 ሰዎች ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ2016 የምርመራው ዳኞች የደጋፊዎቹ ጠባይ ለአደጋው ምክንያት እንዳልሆነ ወሰኑ። በእርግጥ ጥፋቱ የበሮቹ ማነስ ብቻ አልነበረም፤ ነገር ግን በሮቹ ቢበቁ ኖሮ ሰፊውን በር ለማስከፈት ያን ያህል ባላስጨነቀ ነበር።

መውጫም እንደዚሁ ነው። በአሜሪካ በሰፊው የሚሠራበት ዓለም አቀፉ የሕንፃ ደንብ አንድ የሚሽከረከር በር ከ50 ሰው ለሚበልጥ መውጫ ሆኖ እንዳይቆጠር ይከለክላል። ያም ቢሆን መብራት ሲጠፋ ወደ ውጭ በነጻ የሚሽከረከር ከሆነ ነው። መብራት መጥፋት ብርቅ ባልሆነበት አገራችን ገዢው ለሻጩ ማቅረብ የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ይመስለኛል፦ ኃይል ሲቋረጥ ክንዱ ይወድቃል ወይስ ተቆልፎ ይቀራል?

ደግሞም በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ጓደኛችን አለ። ባለሦስት ክንዱ የሚተወው ክፍተት ግማሽ ሜትር ያህል ነው፤ ለወንበሩ ግን ቢያንስ 81 ሴንቲ ሜትር የጠራ ስፋት ያስፈልጋል። ስለዚህ በጎኑ ሰፊ በር መኖር አለበት፤ እርሱም እንደ ሌሎቹ በካርድ የሚከፈት ይሁን። ቁልፉ በአንድ ዘበኛ ኪስ ከሆነ፣ ዘበኛው ምሳ ሲሄድ ተማሪው ደጅ ይቆማል። ሁልጊዜ ገርበብ ብሎ ከተተወ ደግሞ መግባት የማይገባው ሁሉ በዚያ ይገባል፤ በኒው ዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች ብዙ ሰው ሳይከፍል የሚገባው ለአደጋ ጊዜ በተሠራው የጎን በር ነው።